አጥሩን ብር ይሠራዋል፤ ደኑን ግን ማን ይጠብቀዋል?

ቨርጂኒያ የሚኖር አብሮ አደጌ በቀደም ደወለልኝ። ያደግንበት አገር ያለችው ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ አጥር ልታሠራ ነው። እዚያ ያሉት ልጆች ለማዋጣት ተስማምተዋል። ብሩ ከመላኩ በፊት ግን የእኔን ሐሳብ ፈለገ። «አንተ እንዲህ ያለውን ነገር ትከታተላለህ። ብንሰጥ ደኑ ይድናል ወይ?» አለኝ።

ቶሎ ብዬ «አዎ» ለማለት ከበደኝ። ምክንያት አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ቤተ ክርስቲያን እንዲሁ አዋጥተን ነበር። ያኔ ያዋጣነው ለሕንጻ ነው። ሕንጻው አምሮ ተሠራ። ነገር ግን አሸዋና ሲሚንቶ የሚያመላልሰው መኪና መግቢያ አጣ። ሦስት ትልልቅ ጽዶች ተቆረጡ። አያቶቻችን ከሥራቸው ቆመው ያስቀደሱባቸው ዛፎች ነበሩ። ማንም ክፉ አላሰበም። ዛፎቹን አትንኩ ያለም አልነበረም። እኛም ብሩን ስንልክ ስለ ዛፍ አንዲት ቃል አልጻፍንም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ለጓደኛዬ የምመልሰውን ከማሰቤ በፊት ነገሩን ሰፋ አድርጌ ማየት ፈለግሁ። ተፈጥሮንና ቅርስን ለመጠበቅ የሚሰጥ ገንዘብ የት ላይ ሠራ? የት ላይስ ሳይሠራ ቀረ?

ከራሳችን ልጀምር። በሰሜኑ ደጋ፣ በተለይ በጎንደርና በጎጃም፣ የጥንቱ ደን የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ከዐጸዱ ውጭ እርሻ ነው፣ ግጦሽ ነው። ከዐጸዱ ውስጥ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ አለ። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተዋል። 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝተውባቸዋል። ከደኖቹ ትንሹ ሁለት ሄክታር እንኳ አይሞላም። ትልቁ ወደ 100 ሄክታር ነው። በእንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ ይህን ያህል ዓይነት ተርፎ መገኘቱ ያስገርማል። የጠበቀው የደን ዘበኛ አይደለም። የታቦቱ ክብር ነው። ከዐጸዱ ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው፤ ከነውርም አልፎ ኃጢአት ነው ተብሎ ስለታመነ ነው።

ችግሩ ያለው ከሥር ነው። ትልልቆቹ ዛፎች እንደቆሙ ናቸው። ቀና ብሎ ለሚያያቸው ደኑ ጤነኛ ይመስላል። ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ግን ችግኝ የለም። ዘሩ ይወድቃል፣ ይበቅላል፣ ከዚያ ከብት ይበላዋል ወይም ይረግጠዋል። ልጆቹ ሁሉ ተሰደው ሽማግሌዎች ብቻ እንደቀሩበት ቤት ማለት ነው። ዶክተር አለማየሁ ከብት የሚገባበትንና የታጠረውን ቦታ አነጻጽረው ያጠኑት ይህንኑ ነው። ከብት በሚገባበት ቦታ ዘሩም በደንብ አይበቅልም፣ የበቀለውም አያድግም።

የድንጋይ አጥር ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ዶክተር አለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ካህናቱን ሰብስበው የደኖቻቸውን የሳተላይት ምስል አሳዩአቸው። ካህናቱ ከብት የሚከለክል አጥር እንሥራ አሉ። ገንዘቡ በውጭ አገር ከሚገኙ ለጋሾች ተሰበሰበ። ድንጋዩ ግን ከዚያው ነው፤ ከገበሬው ማሳ ተለቅሞ የሚመጣ። ይህ የነገሩ ቁልፍ ይመስለኛል። ገበሬው ድንጋዩን ከማሳው ሲያወጣ ማረሻው ይቀለዋል፣ የሚዘራበት መሬት ይሰፋለታል። አጥሩ ያለ ሲሚንቶ የሚካብ ካብ ነው። ድንጋዩን መካብ ደግሞ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሙያ ነው። አጥሩ ከደኑ ጫፍ ትንሽ ራቅ ብሎ ሲሠራ፣ ደኑ ወደ ውጭ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል።

ጓደኛዬ የሚለው አጥር ይህን የመሰለ ከሆነ መልካም ነው። ነገር ግን አጥር የሚከለክለው ከብትን ነው። በበሩ የሚገባውን መጥረቢያ አይከለክልም።

ይህን ስል ካህናቱን ለመውቀስ አይደለም። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ገቢዋ ትንሽ ነው። ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ የአገልጋዩ ደመወዝ ከየት ይምጣ? ስለዚህ በዐጸዱ ጠርዝ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ይሸጣል። ቀስ በቀስ ጠርዙን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ የመቃብር ቦታ ይሰፋል። መቃብሩ ራሱ ድሮ የአፈር ጉብታ ነበር፣ አሁን የሲሚንቶ ቤት ሆኗል። አዲስ ሕንጻ፣ አዲስ አዳራሽ፣ አዲስ መንገድ ይመጣል። አብዛኛው ደግሞ በእኛ በልጆቹ መዋጮ የሚሠራ ነው። ሁሉም ለበጎ ነው። ሁሉም ግን ከደኑ ላይ ይቆርሳል።

እንግዲህ ከገንዘቡ ሌላ የሚያስፈልገው ውል ነው። ማን ምን ሊያደርግ፣ ምን ላያደርግ እንደተስማማ የሚናገር ውል። ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደያዘው እንይ።

እንግሊዞች ናሽናል ትረስት የሚባል ማኅበር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1895 ነው የተቋቋመው። የመጀመሪያውን መሬት የሰጠችው ፋኒ ታልቦት የምትባል ሴት ናት። በዌልስ፣ ከባርማውዝ ከተማ በላይ ያለ ሁለት ሄክታር የማይሞላ ቋጥኛማ ኮረብታ ነው። ከዚያች ቁራሽ የተነሣው ማኅበር ዛሬ ከአገሩ ትልልቅ ባለመሬቶች አንዱ ነው። እዚያ ነገሩ ቀላል ነው። ባለመሬት መሬቱን ይሰጣል፣ ማኅበሩ ይረከባል፣ ይጠብቃል።

አሜሪካኖች ደግሞ መሬቱን ሳይሰጡ የሚሰጡበት ዘዴ አላቸው። አንድ ገበሬ በከተማ ዳር ሰፊ መሬት አለው እንበል። መሬቱ የእርሱ እንደሆነ ይቆያል። ያርሳል፣ ከብት ያሰማራል፣ ቢፈልግ ይሸጣል፣ ለልጁ ያወርሳል። አሳልፎ የሚሰጠው አንድ መብት ብቻ ነው፤ መሬቱን ቆራርሶ ቤት የመሥራትን መብት። ያንን መብት የሚረከበው የመሬት ጥበቃ ማኅበር ወይም መንግሥት ነው። ውሉ ከመሬቱ ሰነድ ጋር ይመዘገባል። መሬቱን የሚገዛ ሁሉ ከነውሉ ይገዛል። ማኅበሩ በየጊዜው ሄዶ ያያል። ውሉ ከተጣሰ ይከሳል። ገበሬው በለውጡ የግብር ቅናሽ ያገኛል።

እኔ ይህ ዘዴ ደስ የሚለኝ የሰው ልጅ ዕድሜ አጭር መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ሰጪው ይሞታል፣ ልጁ ሌላ ሐሳብ ያመጣል፣ ውሉ ግን ይቀራል።

ይሁን እንጂ እሱም ተበላሽቶ ያውቃል። አንዳንድ ባለሀብቶች ተሰባስበው መሬት ይገዙና ዋጋውን እጅግ አጋንነው ያስገምታሉ። ከዚያ «ለጥበቃ ሰጠን» ብለው ካወጡት ብር ብዙ እጥፍ ከግብር ያስቀንሳሉ። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባጸደቀው ሕግ ለዚህ ልክ አበጀለት። እንዲህ ባለው የሽርክና ስጦታ ከግብር የሚቀነሰው ካዋጡት ገንዘብ ከሁለት ተኩል እጥፍ ከበለጠ አይፈቀድም። ስጦታ ሁሉ ስጦታ አይደለም። ሰጪው ከሚሰጠው በላይ የሚቀበልበትም አለ።

ወደ እኛ ስንመለስ ይህ ዘዴ እንዳለ አይሠራም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ በግለሰብ ደረጃ «መሬቴን ለጥበቃ ሰጠሁ» የሚል ሰው ሊኖር አይችልም። የሌለውን ማን ይሰጣል? ሊሰጥ የሚችለው የመጠቀም መብት ነው።

በዚህ በኩል መንገድ አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ የማኅበረሰብ ደንን በሕግ አውቋል። ከዚያም በፊት የተሞከረ አለ። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የተራቆተ ተራራ ነበር። 2,728 ሄክታር ተከለለ። ዛፉ በብዛት አልተተከለም። ከመሬት ሥር በሕይወት የቆየው ጉቶ እየተገረዘ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ተደረገ። ገበሬዎቹ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ፤ በደኑ የመጠቀም መብታቸው በወረቀት ተሰጣቸው። ወርልድ ቪዥን ደገፋቸው። ደኑ ከአየር ስቦ አምቆ የሚይዘው ካርቦን ተለክቶ ለዓለም ባንክ ፈንድ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ አሠራር ሲመዘገብ በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነበር። መሬቱ የማንም የግል አይደለም። ውሉ ግን ባለቤት አለው።

ውል የሚባለው ነገር ከውጭ የመጣብን የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ድሮ ነገሥታቱ ለገዳምና ለአድባራት ጉልት፣ ማለትም ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት፣ ሲሰጡ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ያስጽፉ ነበር። ምስክሮቹ ይዘረዘራሉ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ግዝቱ ይመጣል። ይህን የሻረ፣ የነጠቀ፣ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተወገዘ ይሁን። ሰጪው ከሞተ በኋላ ውሉን እንዲያስከብር የታመነበት ግዝት ነበር። ጉልት ለጥበቃ የተሰጠ መሬት አልነበረም። ገበሬው ላይ የተጫነ ግብር ነበር፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ግን «ከእኔ በኋላስ?» የሚለውን ጥያቄ አባቶቻችን አሳምረው ያውቁት እንደነበር ያሳያል።

ከሁሉም በላይ የምወደው ምሳሌ ግን መንዝ ነው። ጓሳ።

ጓሳ ከመሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ ያለ ውርጫማ አምባ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። የጓሳ ሣር ለመንዝ ሰው ሁሉን ነገር ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብና ለብርድ የሚለበሰው ገሳ ይሠራበታል። በጓሳ የተከደነ ጣራ ዘመን ይሻገራል።

ይህን ሣር ለመጠበቅ መንዞች ወደ 400 ዓመት የሚጠጋ ሥርዓት ነበራቸው። ቄሮ ይባላል። አገሩን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ መሬቱን ለሁለት ተካፈሉት። በጓሳው የመጠቀም መብት ያለው ዘሩን ከእነዚህ አቅኚ አባቶች የሚቆጥር ሰው ነው። እያንዳንዱ ወገን የራሱን አባ ቄራ ይመርጣል። አባ ቄራው ጓሳውን ይዘጋል፣ ይከፍታል። አንድ ጊዜ ከተዘጋ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ሣሩ ሲደርስ፣ ድርቅ ሲመጣ፣ ሰው ሲቸገር ይከፈታል። ሲከፈት ሁሉም ያጭዳል፣ ከብቱን ያሰማራል። ክረምት ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ገደማ፣ እንደገና ይዘጋል። ተራ በተራ የሚጠብቀውም ራሱ ተጠቃሚው ነው። ቸል ያለ፣ ደንብ የጣሰ ይቀጣል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ታወጀ። ርስት ቀረ። በዘር ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ወደቀ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቄሮ ጓሳውን ጠበቀ፤ ከአቅኚዎቹ ዘር ያልሆነውን ግን ከልክሏል። አዋጁ ለዚያ ሰው በር ከፈተለት። ጓሳው ግን ጠባቂ አጣ። ሣሩ ያለጊዜው ታጨደ፣ ማረሻ ወደ ላይ ወጣ።

መንዞች ግን አልተዉትም። በቀበሌ፣ በዕድርና በኮሚቴ እየተሰበሰቡ አዲስ ደንብ አወጡ። አሁን መብቱ የዘር አይደለም፤ በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች ነዋሪዎች ነው። የውጭ እርዳታ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጀርመኑ ፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ ለዓመታት ደገፋቸው። የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ። ክልሉም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አድርጎ በሕግ አወቀው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ የሰዎቹ ስምምነት፣ ቀጥሎ ገንዘቡ፣ ከዚያ ሕጉ።

ዛሬ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ወደ 500 ብቻ ናቸው። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይግጣል። ተመራማሪዎች እዚያ ያዩት አንድ ነገር አለ። ቀይ ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 ከመቶ ነው። በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሲሆን 67 ከመቶ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። አባ ቄራዎቹ ሣር ነበር የጠበቁት፤ ከሣሩ ጋር ይህ ሁሉ ተርፎ ተገኘ።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ በደቡብ አይተናል። አፍሪካን ፓርክስ የሚባል ድርጅት በአንድ ሆላንዳዊ ባለሀብት ገንዘብ ተደግፎ የተቋቋመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የነጭ ሳርን፣ በ2005 የኦሞን ብሔራዊ ፓርክ ለማስተዳደር ከመንግሥት ጋር ተፈራረመ። ገንዘብ ነበረ። ወረቀትም ነበረ። ነገር ግን ውሉ በመንግሥትና በድርጅቱ መካከል ነው። ነጭ ሳር ውስጥ ኮሬዎችና ጉጂዎች ይኖሩ ነበር። ኦሞ ውስጥ ሙርሲዎችና ሌሎች ከብት አርቢዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ማን ይቀራል፣ ማን ይነሣል፣ ማን የት ያሰማራል የሚለው ሳይፈታ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ድርጅቱ ሁለቱንም ለቅቆ ወጣ።

ከሩቅ አገር አንድ ልጨምር። አሜሪካዊው ነጋዴ ዳግ ቶምፕኪንስና ባለቤቱ ክሪስ በቺሊ ደቡብ ሰፊ መሬት ገዝተው ለመናፈሻ ሊሰጡ ተነሡ። ቺሊዎች ለዓመታት ጠረጠሯቸው። አንድ ፈረንጅ ይህን ያህል መሬት ምን ሊያደርግበት ነው? አገራችንን ሊከፍለን ነው እንዴ? ተባለ። ዳግ እ.ኤ.አ. በ2015 ሐይቅ ላይ በደረሰበት አደጋ ሞተ። ክሪስ ቀጠለችበት። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ወደ 407,000 ሄክታር ለቺሊ መንግሥት ለመስጠት ተፈራረመች። ስጦታው ግን ባዶ እጁን አልሄደም። መንግሥት በበኩሉ ከራሱ ብዙ እጥፍ መሬት ጨምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሊያደርገው በውሉ ተስማማ። ጥርጣሬው እስኪበርድ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ቸኩለው ቢሆን ኖሮ የሚሆን አልመሰለኝም።

ለጓደኛዬ መልሼ ደወልኩለት። «ስጡ» አልኩት። «ግን ብሩን ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አጥሩ የሚያልፈው በማን ማሳ ጠርዝ ነው? ባለማሳዎቹ ተጠይቀዋል? የሚነሣው ድንጋይስ ከእነሱ ነው ወይስ በመኪና የሚመጣ?» ቀጥዬም ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍረው ለምኑ አልኩት። ከአጥሩ ውስጥ የአገር ዛፍ እንዳይቆረጥ፤ ባሕር ዛፍ ከአጥሩ ውጭ ብቻ እንዲተከል፤ አዲስ መቃብርና አዲስ ሕንጻ የት እንደሚሆን ከወዲሁ እንዲለይ። ገበዙና የአጥቢያው ሽማግሌዎች ይፈርሙ። አንዱ ቅጂ ቤተ ክርስቲያኗ ዘንድ ይቀመጥ፣ ሌላው ቀበሌ።

ትንሽ ዝም አለ። «አባን እንዲህ ብዬ ብጠይቃቸው አይቀየሙኝም?» አለ። ውል መጠየቅ አለማመን ይመስላል ብሎ ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ ገባኝ። እኔም ያኔ ዝም ያልኩት በዚሁ ፍርሃት ነበር።

በማግሥቱ ደውሎ ጠየቃቸው። አባ አልተቀየሙም። «እኛም እኮ እናንተን እንዲህ ልንላችሁ አስበን ነበር፤ ብር ስትልኩ ሁልጊዜ ለሲሚንቶ ነው የምትልኩት» አሉት። ነገሩን ለእሑድ ጉባኤ ይዘውታል። ከዚያ በፊት ግን ጓደኛዬ እሳቸው የጠየቁትን መመለስ አለበት። ከብቱ ከዐጸዱ ሲከለከል፣ እስከ ዛሬ እዚያ የሚያግጡት መሬት የለሽ ሁለት ቤተሰቦች አሉ፤ እነሱስ ወዴት ያሰማሩ? እኛ ይህን አላሰብነውም ነበር። አሁን መዋጮው ለእነዚህ ቤተሰቦች መኖም እንዲሆን እየተነጋገርን ነው።